የጓሳ ቀለማት የማን ሥራ ናቸው? የተራራ የእግር ጉዞና የመዝጋት ሥርዓት በሰሜን ሸዋ

አሕጽሮት

ይህ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ የሚገኘውን የጓሳ ከፍተኛ ቦታ ምሳሌ በማድረግ የተራራ የእግር ጉዞ በጋራ መሬት አጠቃቀም ውስጥ ሊይዘው የሚገባውን ስፍራ ይመረምራል። ተጓዡን ወደ ጓሳ የሚስበው የመሬቱ ኅብረ ቀለም ነው። ይህ ቀለም ግን ከአየር ጠባይ ብቻ የተገኘ ሳይሆን ቦታውን ለተወሰነ ጊዜ ዘግቶ ለተወሰነ ጊዜ ከሚከፍተው ነባር የቀሮ ሥርዓት የተወረሰ መሆኑን ጽሑፉ ያሳያል። ከዚህም በመነሣት ተጓዡ ከሣር አጫጁና ከእረኛው ጋር በአንድ ሕግ ሊተዳደር የሚገባው ተጠቃሚ መሆኑን፣ ለጉዞ የሚመረጠው ወቅትም ከመዝጊያው ወቅት ጋር የሚጋጭበትን ነጥብና የጉዞ ገቢ የጥበቃው ብቸኛ ምሰሶ ሊሆን የማይችልበትን ምክንያት ያብራራል።

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ጓሳ ሲደርስ ዓይኑን የሚይዘው የድንበር መስመር ነው። ከመስመሩ በአንድ ወገን በድንጋይ ካብ የተከፋፈለ የገብስ ማሳ፣ የተጋጠ ግጦሽና ቤቶች ይታያሉ። በሌላው ወገን ሰው የማይኖርበት፣ በነፋስ እንደ ውኃ የሚተኛና የሚነሣ የወርቅማ ሣር ምድር ይዘረጋል፤ በመካከሉም አመድማ ቁጥቋጦ፣ ጥቁር አረንጓዴ ጨፌና እንደ ምሰሶ የቆመ ጅብራ ይታያል።

ይህ መስመር ብዙ ጊዜ የከፍታና የብርድ ወሰን ተደርጎ ይቆጠራል። ግምቱ ግን አያስኬድም። ገብስ ብርድን የሚችል ሰብል ነው፤ በሰሜን ተራሮች በጊጭ መንደር ከ3,500 ሜትር በላይ ሲታረስ ኖሯል። አብዛኛው የጓሳ ምድር በ3,200 እና በ3,700 ሜትር መካከል ስለሚገኝ ማረሻው ወደዚህ እንዳይዘልቅ ያገደው ብርድ ብቻ ሊሆን አይችልም። ማረሻውን ያገደው ሕግ ነው። ስለዚህ ጓሳን ለእግር ጉዞ የሚያጠና ተመራማሪ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ፣ ተጓዡ ሊያየው የሚመጣው ቀለም የተፈጥሮ ሥራ ብቻ ነው ወይስ የሰውም ጭምር የሚለው ነው። መልሱ የጉዞውን አስተዳደር ይወስናል።

1. ቦታው፣ መዳረሻውና ከፍታው

ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ይገኛል። ከሸንተረሩ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ፣ በምዕራብ በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይገባል። ከፍታው ከጠርዙ ሥር ካለው ቆላ የሚመጣውን እርጥብ አየር ስለሚያቀዘቅዘው ጉም አዘውትሮ ይሸፍነዋል። ሣሩና ጨፌው ይህን እርጥበት ይዘው ቀስ በቀስ ለምንጮች ያደርሱታል።

በሰሜን ሸዋ ይህን ጠርዝ በእግር መውጣትና መውረድ አዲስ ነገር አይደለም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ነጋዴውና ጭነት አጋሰሱ ከቆላው ተነሥቶ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የፈረመው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስም ወደ አንኮበር የደረሰው ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነው። አዲስ የሆነው ገበያ፣ ግጦሽ ወይም ቤተ ክርስቲያን ሳይፈልግ ለማየት ብቻ የሚሄድ መንገደኛ መምጣቱ ነው።

ይህ መንገደኛ ከሰውነቱ አቅም ጋር የሚያያዝ አንድ ጉዳይ አለበት። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለል ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በ3,500 ሜትር ግፊቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ ይላል። የከፍታ ሕክምና መመሪያዎች ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመክራሉ። ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሥቶ በዚያው ቀን ጓሳ የሚያድር ሰው ከ900 ሜትር በላይ ይወጣል። 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት ማደር ይህን ልዩነት ለሁለት ይከፍለዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው፤ ምልክቱ እየበረታ ከሄደ ፍቱኑ መድኃኒት ወደ ታች መውረድ ነው። በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ከባሕር ጠረፍ ከሚመጣው የተሻለ ዝግጁ ቢሆንም ፈጽሞ ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም።

2. የቀለሙ አመጣጥ

የጓሳ ቀለም በአራት ንብርብሮች ሊገለጽ ይችላል። የመጀመሪያውና ሰፊው ለቦታው ስሙን የሰጠው ጓሳ ሣር ነው። ይህ የፌስቱካ ወገን የሆነ ሣር በጉብታ በጉብታ ይበቅላል፤ በክረምት አረንጓዴ ሆኖ በበጋ ወደ ወርቅማነትና ወደ ገለባማ ቢጫነት ይለወጣል። ሁለተኛው ጨራንፌና አስታን የመሰለ ቁጥቋጦ ነው። ከእርሱም ጋር ጦስኝና ቅጠሉ ብርማ የሆነ ሄሊክራይሰም አለ። ሦስተኛው በሸለቆ ወለል ውኃ የሚቋጥረው ጨፌ ነው። አራተኛው ከዝናቡ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት የሚታየው አበባ ሲሆን፣ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ግንዱ ቀጥ ብሎ ጫፉ እንደ ችቦ በቀይና በቢጫ የሚነደው ኒፎፊያ ነው።

ከእነዚህ መካከል የመዝጋት ሥርዓት የሌለበት ደጋ ላይ አስቀድሞ የሚጠፋው ጓሳ ሣር ነው። ብርድ የበዛበት ቦታ ላይ ዕድገት ዝግ ያለ ነው፤ ሣሩ ለጣራ ክዳን የሚበቃ ርዝመት እንዲኖረው ዓመታት ያስፈልጉታል። በየዓመቱ ከተጋጠ ወይም ከታጨደ ጉብታው ይሳሳል፤ በመካከሉ ባዶ አፈር ይከፈታል፤ የሌሊቱ ውርጭና የቀኑ ፀሐይ ባዶውን አፈር ያላላዋል፤ ነፋስና ጎርፍም ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ የሚተካው ከብት የማይበላው ዝቅተኛ ቁጥቋጦ ነው። ስለዚህ የወርቅማው ቀለም ስፋት የመሬቱ ጤንነት መለኪያ ነው ማለት ይቻላል።

ከሣሩ ሥር የሚኖረው ሕይወትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጉብታው ለደጋ አይጦች መጠለያና መኖ ነው፤ አይጦቹ ደግሞ በዓለም ላይ ያሉት አዋቂዎች ከ500 እንደማይበልጡ ለሚገመተው ለቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ናቸው። በጓሳ የተደረገ አንድ ክትትል ይህን ትስስር በሚያስደንቅ መልኩ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው በዚህ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን አይጥ የመያዝ ሙከራው በ67 በመቶ ሲሳካ፣ ብቻውን ሲያድን ግን በ25 በመቶ ብቻ ተሳክቶለታል። ጭላዳዎቹም ግልገሎቻቸውን እስካልነካ ድረስ በመካከላቸው ሲመላለስ ይታገሡታል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአንኮበር አካባቢ የተገኘችውና በ1979 ለሳይንስ የተገለጸችው የአንኮበር ሴሪን የተባለች ትንሽ ወፍም በዚሁ ጠርዝ ላይ ትኖራለች። ተጓዡ የሚያየው መልክዓ ምድር እንግዲህ ሣሩ ከተነካ አብሮ የሚናጋ ሰንሰለት ነው።

3. የቀሮ ሥርዓት

በመንዝ ትውፊት መሠረት አካባቢውን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ናቸው። ጓሳንም በፈረስ ግልቢያ ውድድር ወሰን አበጅተው ለሣርና ለግጦሽ እንዳቆዩት ይነገራል። የሥርዓቱ መነሻ በ17ኛው ምዕት ዓመት እንደሆነ ይታመናል። የመጠቀም መብቱ በአጽመ ርስት ላይ የቆመ ነበር፤ ይኸውም ከአቅኚ አባቶች የሚወለድ ሰው በዘሩ የሚያገኘው መብት ነው።

ሥርዓቱ ቀሮ ይባላል። አፈሮ የሚባሉ የተመረጡ አለቆች በየወገናቸው ቦታውን ያስጠብቃሉ። ጓሳ በተለምዶ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። ሣሩ መድረሱን አፈሮዎቹ ተመካክረው ሲያረጋግጡ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ለሕዝብ ይነገራል። አስቀድሞ በበጋ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ ከብት ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባ ከብቱ ወጥቶ ቦታው እንደገና ይዘጋል። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በተራ የመጠበቅ ግዴታ ነበረበት። ቅጣቱም ከባድ ነበር፤ ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደነበር ተመዝግቧል።

ሕዝቡ ይህን ግዴታ የተሸከመው ለውበት ብሎ አይደለም። ጓሳ ሣር የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ መጥረጊያ፣ ጉዝጓዝ፣ እንዲሁም እረኛው ከዝናብ የሚከለልበት ገሳ ነው። በድርቅ ዓመት ሌላው ግጦሽ ሲደርቅ ለከብት የመጨረሻው መጠጊያ ይሆናል። የመንዝ በግ፣ ከጠጉሩ የሚሠራው ባናና የገብስ እርሻው በአንድነት የቆሙት ይህን የመጠባበቂያ መሬት ተደግፈው ነው። ቦታው የተጠበቀው ጥቅም ስለሌለው ሳይሆን ጥቅሙ በጊዜ ስለተወሰነ ነው።

ሥርዓቱን እንከን የሌለበት አድርጎ ማቅረብ ግን የታሪክ ስሕተት ይሆናል። ከአቅኚ አባቶች የማይወለድ ሰው በደጃፉ ካለው ሣር ድርሻ አልነበረውም፤ ቅጣቱም ዛሬ በየትኛውም ሕግ ተቀባይነት የሌለው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የአጽመ ርስት መሠረት ፈረሰ፤ ከእርሱም ጋር የአፈሮ ሥልጣን አበቃ። ቀድሞ የተገለለው ገበሬ መብት አገኘ። ነገር ግን የመግባት መብት ሲሰፋ የመዝጋት ሥልጣን ባለቤት አጣ፤ ሣሩ መጎዳት ጀመረ፤ እርሻውም ወደ ወሰኑ ተጠጋ።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ለጥናት ልዩ ዋጋ አለው። በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች ነዋሪዎች የጓሳን ኮሚቴ አቋቁመው የመዝጋትንና የመክፈትን ልማድ በመተዳደሪያ ደንብ መልሰው አቆሙት። ውሎ አድሮም ቦታው የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ከክልሉ መንግሥት ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። የመብቱ መሠረት ከዘር ወደ ነዋሪነት ተለወጠ፤ የመዝጋት ሐሳብ ግን ቀጠለ። በዘለዓለም ተፈራ አሸናፊና በናይጄል ሊደር-ዊሊያምስ የታተሙት ጥናቶች ይህን ሽግግር በጋራ ንብረት አስተዳደር ምርምር ውስጥ የታወቀ ምሳሌ አድርገውታል።

4. ተጓዡ እንደ ተጠቃሚ

በዚህ ሥርዓት ውስጥ አጫጁ ማጭዱን፣ እረኛው ከብቱን ይዞ ይገባል፤ ሁለቱም ቀን አላቸው፤ ሁለቱም አለቃ አላቸው። ተጓዡ ባዶ እጁን ስለሚገባና ምንም ይዞ ስለማይወጣ ከሥርዓቱ ውጭ መስሎ ይታያል። ይህ አመለካከት ስሕተት መሆኑን የእግር ጉዞ በዕፅዋት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያጠናው የሥነ ምኅዳር ዘርፍ ያሳያል።

በዘርፉ ከታወቁት ግኝቶች አንዱ የጉዞ ብዛትና የጉዳት መጠን እኩል አብረው የማያድጉ መሆናቸው ነው። ባልተረገጠ ዕፅዋት ላይ አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሱት የመጀመሪያዎቹ እግሮች ናቸው፤ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ የሚጨመረው እግር የሚያመጣው ተጨማሪ ጉዳት እያነሰ ይሄዳል። ሁለተኛው ግኝት ሣሮች በጥቅሉ ከዝቅተኛ የእንጨት ቁጥቋጦ በተሻለ ረገጣን ችለው ማገገማቸው ነው። ሦስተኛው እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ በቀላሉ የሚጎዳ መሆኑ ነው።

እነዚህ ግኝቶች ወደ ጓሳ ሲመለሱ ግልጽ ትርጉም ይኖራቸዋል። በሸንተረሩ ላይ ለዘመናት በሰው፣ በበቅሎና በአህያ የተረገጡ መንገዶች አሉ። በእነርሱ ላይ የሚሄድ አንድ ቡድን የሚጨምረው ጉዳት ጥቂት ነው። ፎቶግራፍ ፍለጋ ከመንገዱ ወጥተው ወደ ጦስኙና ወደ ጨፌው የሚዘልቁ አሥር ሰዎች ግን በመንገዱ ላይ ከሚሄዱ ብዙ ሰዎች የበለጠ ሊያበላሹ ይችላሉ። ስለዚህ የሚወሰነው የተጓዡ ቁጥር ብቻ ሳይሆን መሄጃውም ነው።

5. የወቅቶች ግጭት

የጓሳ ጉዞ ዋናው ችግር ግን በወቅት ላይ ነው። ተጓዥ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ጊዜ ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ሲጠራ፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ሆኖ አበባው ሲፈነዳ፣ ማለትም መስከረምና ጥቅምት ነው። ነባሩ ሥርዓት ቦታውን በክረምት የሚዘጋው ሣሩ የሚያድግበትና አፈሩ ውኃ የሚጠጣበት ጊዜ ስለሆነ ነው። በመስከረም ዝናቡ ቢያበቃም ጨፌው ገና ውኃ እንደያዘ ነው፤ አፈሩም ለረገጣ ያልጠነከረ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። ቀይ ቀበሮ ቡችሎቹን የሚወልደው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። እናቲቱ ጉድጓዷ ከተደፈረ ቡችሎቹን ወደ ሌላ ስፍራ ልታዛውር ትችላለች፤ ይህም በውርጭ ሌሊት ለትንንሾቹ አደገኛ ነው። እንዲሁም በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በተደጋጋሚ የቀይ ቀበሮን ቁጥር የቀነሰው የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከቤት ውሾች ነው፤ ስለዚህ ከተጓዥ ወይም ከአጃቢ ጋር የሚገባ ውሻ ጉዳቱ ከእግር ረገጣ ሁሉ ሊብስ ይችላል።

ለዚህ ግጭት ሁለት ጽንፍ ያላቸው መልሶች አሉ። አንደኛው ቦታውን ለተጓዥ ፈጽሞ መዝጋት ነው። ሁለተኛው ተጓዥ ገንዘብ ስለሚያመጣ በፈለገው ጊዜና መንገድ ይግባ ማለት ነው። ሁለቱም ከቀሮ መንፈስ ውጭ ናቸው። ቀሮ ማንንም ተጠቃሚ ለዘለዓለም አልከለከለም፤ ማንንም ያለቀጠሮ አላስገባም። በዚህ አስተሳሰብ ቦታውን ሁሉ በአንድ ቀን ከመዝጋትና ከመክፈት ይልቅ የጉዞውን ስፍራ ከወቅት ጋር ማፈራረቅ ይቻላል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ተጓዡ በደረቁ ሸንተረር ላይ ባሉት ነባር መንገዶች ብቻ ይሄዳል፤ ጨፌውና የጉድጓዶቹ አካባቢ ይዘጋል። ከጥር አጋማሽ በኋላ አፈሩ ሲደርቅና ቡችሎቹ ሲጠነክሩ የሸለቆው መንገዶች ይከፈታሉ። ሣሩ በሚታጨድበት ዓመት ደግሞ ተጓዡ አጨዳውን ራሱን ያያል፤ ወርቅማው ቀለም ከየት እንደሚመጣ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለም።

6. ከቪኒኩንካ የሚገኝ ንጽጽር

በፔሩ ከኩስኮ ከተማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኘው ቪኒኩንካ ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ባለ ብዙ ቀለም ተራራ ነው። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ መስመሮቹ የብረት ኦክሳይድንና ሌሎች ማዕድናትን ከያዙ የድንጋይ ንብርብሮች የመጡ ናቸው። ከ2010ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በፊት ከአካባቢው እረኞች በቀር ብዙ ሰው የማያውቀው ተራራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በቀን እስከ 1,000 ሰው የሚወጣው ሆነ።

ውጤቱ ሁለት ገጽታ አለው። በአልፓካ እርባታ የሚኖረው የኬችዋ ተናጋሪ ማኅበረሰብ የመግቢያ ክፍያ ሰብስቧል፤ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ተሰደው ከነበሩት የተመለሱም አሉ። በሌላ በኩል ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ በአጭር ጊዜ ክፉኛ ተሸርሽሯል፤ ወፎች ያርፉበት የነበረ ጨፌም የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ጉዳቱ የመጣው ከክፋት አይደለም፤ ተጓዡ ከደንቡ ቀድሞ ስለደረሰ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጓሳን ጉዳይ የበለጠ አስቸኳይ ያደርገዋል። የቪኒኩንካ ቀለም ማዕድን ነው፤ መንገዱ ቢሸረሸርም ድንጋዩ ቀለሙን ይዞ ይቀራል። የጓሳ ቀለም ሕያው ነው፤ ሣሩን የሚያቆየው ሥርዓት ከተናጋ ቀለሙ ራሱ ይሄዳል። በአንጻሩ ጓሳ ቪኒኩንካ ያልነበረው ነገር አለው፤ ተጓዡ በብዛት ከመድረሱ በፊት የተዘጋጀና ሕዝቡ የሚያውቀው ደንብ አለው። ከአዲስ አበባ የሚወስደው ጎዳና እየተሻሻለ፣ ደብረ ብርሃንም እ.ኤ.አ. በ2019 ከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርኳ ጋር እየሰፋች በሄደች ቁጥር ይህ የጊዜ ዕድል እየጠበበ ይሄዳል።

7. የገቢ ጥያቄ

በጥበቃ ሥራ ዘርፍ ዘወትር የሚሰማ አንድ መከራከሪያ አለ፤ ማኅበረሰብ ተፈጥሮን የሚጠብቀው ከቱሪዝም ገቢ ሲያገኝ ነው የሚል። በጓሳም የማኅበረሰብ ማረፊያ ቤት ተሠርቷል፤ አስጎብኚዎች፣ የበቅሎና የፈረስ ባለቤቶች፣ ባና የሚሸምኑም ከተጓዥ ገቢ ያገኛሉ። ይህ ገቢ በጥሬ ገንዘብ እጥረት ለሚኖር ቤተሰብ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ሊናቅ አይገባውም።

ይሁንና ያለፉት ዓመታት ገቢው ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ አሳይተዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን ጉዞ አቆመ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በሰሜን የተቀሰቀሰው ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ደረሰ። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንዲህ ባሉ ጊዜያት ከተጓዥ የሚገኝ ብር ይነጥፋል፤ የሣር ፍላጎት ግን አይነጥፍም። እንዲያውም ችግር ሲበረታ በሣሩ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ጥበቃው በተጓዥ ገንዘብ ላይ ብቻ ከቆመ ከሁሉ በላይ በሚያስፈልግበት ቀን ይወድቃል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ጉዞው መቅረት አለበት የሚል አይደለም። ጉዞው በሣሩ ላይ የሚጨመር ጥቅም እንጂ ሣሩን የሚተካ ጥቅም መሆን የለበትም። አጫጁ በዓመታት መካከል ተራውን እንደሚያገኝ እርግጠኛ ሲሆን፣ እረኛው በድርቅ ጊዜ በሩ እንደሚከፈትለት ሲያውቅ፣ ተጓዥ ቢመጣም ቢቀርም ጠባቂ አይታጣም። ከተጓዥ የሚሰበሰበውም ገንዘብ ለመደበኛ ጥበቃ የሚከፈል ደመወዝ ብቻ ከሚሆን ይልቅ ከፊሉ ለክፉ ቀን በመጠባበቂያነት ቢቀመጥ፣ ጓሳ ራሱ ለከብቱ የሚሰጠውን አገልግሎት ለኮሚቴው ይሰጠዋል።

8. ለአሠራርና ለቀጣይ ጥናት የሚሆኑ ነጥቦች

ከላይ ከቀረበው ትንተና አምስት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የተጓዥ መግቢያ ቀንና መሄጃ ከአጨዳና ከግጦሽ ጋር በአንድ የዓመት መርሐ ግብር፣ በአንድ ኮሚቴ ይወሰን። ሁለተኛ፣ በእርጥብ ወራት ጉዞው በነባር የሸንተረር መንገዶች ይገደብ። ሦስተኛ፣ ውሻ ይዞ መግባት ፈጽሞ ይከልከል። አራተኛ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ተጓዥ በደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት እንዲያድር ይመከር፤ ይህ ለጤናው ይበጀዋል፣ ገቢውንም ያሰፋል። አምስተኛ፣ አስጎብኚው ከመንገድ መሪነት በተጨማሪ ያየውን ጉዳት ለኮሚቴው የሚያመለክት የጥበቃው አካል ይሁን።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ቦታው በአነስተኛ ወጪ ሊሠሩ የሚችሉ ጥያቄዎችን ያቀርባል። በሸንተረሩ መንገዶች ላይ ቋሚ የመለኪያ ነጥቦች ተክሎ የመንገዱን ስፋት፣ ጥልቀትና በሁለቱ ወገን ያለውን የዕፅዋት ሽፋን በየዓመቱ በመስከረምና በጥር መመዝገብ ይቻላል። ከአጨዳ በፊትና በኋላ የተነሡ ፎቶግራፎችን ከአንድ ነጥብ ማነጻጸር፣ የጓሳ ሣርን ቁመት በተዘጋባቸው ዓመታት ቁጥር መለካት፣ እንዲሁም የቀድሞውን የአፈሮ ሥርዓት የሚያስታውሱ አረጋውያንን ቃል መመዝገብ አይዘገይም። የመጨረሻው በተለይ ይቸኩላል፤ ከ1967 ዓ.ም. በፊት በጠባቂነት የተሰለፉ ሰዎች ዕድሜ ገፍቷል።

ማጠቃለያ

የጓሳ ኅብረ ቀለም ተፈጥሮ ብቻዋን የሠራችው አይደለም። ከፍታው፣ ዝናቡና ውርጩ ምን ሊበቅል እንደሚችል ወስነዋል፤ ከሚችለው ውስጥ የትኛው እንደሚቀር የወሰነው ግን ለመጠቀም ሲል መታገሥን የለመደ ሕዝብ ነው። ማረሻው የቆመበት መስመር የዚህ ትዕግሥት ወሰን ነው። ወደ ጓሳ የሚወጣ ተጓዥ ይህን መስመር ሲሻገር ባዶ ምድር ውስጥ አይገባም፤ ከእርሱ በፊት ቀን የተቀጠረላቸው ሰዎች ባሉበት ግቢ ውስጥ ይገባል። እርሱም እንደ እነርሱ ቀኑን ጠብቆ፣ በተፈቀደለት መንገድ ሄዶ፣ በጊዜው ከወጣ ከኋላው የሚመጣው ተጓዥ ያንኑ ወርቅማ ሣር ያገኛል፤ አጫጁም ለጣራው የሚሆን ክዳን አያጣም።